«ደህና ነኝ» የምትለዋ ቁልፍ

ሥራዬን ስነግራቸው ሰዎች ይስቃሉ። ሰው ስልክ ሲነካካ ከኋላው ቁጭ ብሎ ማየትም ሥራ ሆኖ ደመወዝ ይከፈልበታል ወይ ይሉኛል። ይከፈልበታል። አንድ አፕ ለሕዝብ ከመለቀቁ በፊት ለተራ ሰው ይሰጣል፤ እኔ ደግሞ ጣቱ የት ላይ እንደሚደናበር፣ ፊቱ መቼ እንደሚጨማደድ፣ መቼ «ምን የሚሉት ጣጣ ነው» ብሎ እንደሚያጉረመርም እያየሁ፣ ይሠራል ወይም አይሠራም ብዬ እፈርማለሁ። የባንክ አፕ አይቻለሁ፣ የታክሲ አይቻለሁ፣ የልብስ መሸጫ አይቻለሁ። እንደ ሕክምናዎቹ በራሱ የሚኩራራ ግን አላጋጠመኝም። የታክሲው ቢሳሳት ሰው ዝናብ ይመታዋል። የሕክምናው ቢሳሳት ምን እንደሚመጣ ግን የሚሠሩት ሰዎች ትዝ የሚላቸው አይመስለኝም፤ እነሱ የሚጨነቁት ሰማያዊው ይድመቅ ወይስ ይፍዘዝ በሚለው ላይ ነው።

ይኼኛው የስኳር ሕመምተኞችን የሚከታተል የአንድ ክሊኒክ አፕ ነበር። ክሊኒኩ እስከዚያ ድረስ ሕመምተኞቹን የሚከታተለው በአንድ ስልክ ነበር። ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ፣ የመድኃኒት ካርቶን የተቆለለባት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ሁሉም ሲስተር የሚላት ነርስ ተቀምጣ ታነሳዋለች። ሕመምተኛው ይደውላል፣ ታዳምጠዋለች፣ መታየት ያለበትን ቶሎ ና ትለዋለች። ሲስተር ደግሞ ቁጡ ናት። ሰው «እንደምን አደርሽ ሲስተር» ብሎ ሲጀምርላት «ደህና፣ እርስዎስ?» ትላለች። «ደህና ነኝ፣ ተመስገን» ካላት ወዲያው «ደህና ከሆኑ ታዲያ ምን አስደወለዎት?» ትለዋለች። ቀኑን ሙሉ ይህንኑ ስትል ትውላለች። ሕመምተኞቹ ያላቀረቡባት አቤቱታ የለም፤ አመናጨቀችን፣ ሰላምታ እንኳ አታስጨርስም ይላሉ። እሷም ብትሆን ስልኩን አትወደውም፤ ጆሮዬን አደነቆረው፣ ምነው ነቅለው በገላገሉኝ እያለች ነው የምትሠራው።

የክሊኒኩ ሥራ አስኪያጅ አቤቱታውን ሰምቶ መፍትሔ አመጣ። ይህ ሰው መፍትሔ ነፍሱ ነው፤ ችግሩ ምን እንደሆነ መስማት ግን ይሰለቸዋል። ሲስተርን ጠርቶ እባክሽ ትንሽ ለስለስ በይ ማለት ሲችል፣ ስልኩ ይዘጋና በምትኩ ትሑት አፕ ይሠራ አለ። እኔ ገምግሜ የፈረምኩ ዕለት ስልኩ ይቆረጣል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለው ለእንዲህ ያለው ሰው ነው፤ እሱ ግን ያኔ ገና ቆጡን እያየ ነበር።

በዚያ ስልክ ከሚደውሉት አንዷ አክስቴ ናት። አክስቴ የእናቴ ታላቅ ናት፤ እናቴ ስትሞት ወስዳ ያሳደገችኝ እሷ ስለሆነች፣ አክስቴ ስል እናቴ ማለቴ እንደሆነ ይታወቅልኝ። ስኳሩ አብሯት ብዙ ዘመን ኖሯል። እግሯ ከደነዘዘ ሰንብቷል፤ ሚስማር ብትረግጥ አይታወቃትም። ሐኪሞቹ ሁልጊዜ የሚያስጠነቅቋት አንድ ነገር ነው፦ እግርሽን በየቀኑ እዪ፣ የቁስል ምልክት ካየሽ አትደሪ፣ ደውይ። ከዚህ በፊት ቆስላ ደውላ ታውቃለች። ሲስተር እንደ ልማዷ ተቆጥታ አስመጣቻት፤ እግሯም ዳነ። አክስቴ ያችን ሴትዮ አትወዳትም፤ እኔ ግን በዚያች ቁጣ ነው እናቴ በሁለት እግሯ የምትሄደው ብዬ ነበር የማስበው።

የሙከራው ቀን የክሊኒኩ መሰብሰቢያ ክፍል ውስጥ ወንበር ተደረደረ፣ ብስኩትና ውሃ ቀረበ። አፑን የሣለው ዲዛይነርም መጣ። በልቤ አርቲስቱ ነው የምለው። ክፉ ልጅ አይደለም። ሲያናግሩት አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ነው የሚሰማው። ያስጨረሰንም ይኸው ትሕትናው ነው። አፑ ሲከፈት በሚያምር ፊደል «እንደምን አደሩ?» ይላል። ከሥሩ ሁለት ፊቶች አሉ። አንዷ አረንጓዴ ናት፣ ትስቃለች፣ «ደህና ነኝ» ተብሎ ተጽፎባታል። ሌላዋ ግራጫ ናት፣ አኩርፋለች፣ «ደህና አይደለሁም» ትላለች። አረንጓዴዋን የነካ «በጣም ደስ ይላል! መልካም ቀን ይሁንልዎ!» ተብሎ ይሸኛል፣ አፑም ይዘጋል። ስለ ቁስል፣ ስለ ማዞር፣ ስለ ስኳሩ መጠን የሚጠይቀው ገጽ ሁሉ የተቀመጠው ከአኩራፊዋ ጀርባ ነው።

መጀመሪያ የተቀመጡት ጡረታ የወጡ ሾፌር ነበሩ። ከጠዋት ጀምሮ ራስዎን እያዞረዎት ነው እንበል፣ ይህን ለአፑ ይንገሩት አልኳቸው። እንበል ማለት አያስፈልግም፣ እውነትም እያዞረኝ ነው አሉኝ። መነጽራቸውን አደረጉ፣ ስክሪኑን አነበቡ፣ አረንጓዴዋን ፊት ነኩ፣ ተመረቁ፣ ኮታቸውን አንስተው ለመሄድ ብድግ አሉ።

አባባ፣ ያዞረኛል አላሉኝም ወይ አልኳቸው። አዎ፣ አሁንም ያዞረኛል አሉ። ታዲያ ለምን ደህና ነኝ አሉ ብላቸው፣ አስተዳደግ እንደጎደላት ልጅ ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«እንደምን አደሩ ሲለኝ ምን ልበለው? ሰላምታውን ሳልመልስ ዘልዬ በሽታዬ ውስጥ ልግባ?»

ከእሳቸው በኋላ የተቀመጡትም እንደዚያው ናቸው። ጉንጫቸው የገረጣ፣ እጃቸው የሚንቀጠቀጥ፣ ማታ እንቅልፍ ያጡ ሰዎች አንድ በአንድ እየመጡ ደህና ነኝ ብለው ሄዱ። ወደ አኩራፊዋ ፊት ዝር ያለ አልነበረም። ሲጨርሱ ደግሞ ኮከብ ይሰጣሉ፤ ከአንድ እስከ አምስት። አርቲስቱ አጠገባቸው ቆሞ፣ አንገቱን ሰብሮ «አስተያየትዎ ይጠቅመናል» ይላቸዋል። ሁሉም አምስት ሰጡ። አንዲት ልብስ ሰፊ፣ ስክሪኑ ላይ የተጻፈውን አንድም ቃል እንዳላነበበች በዓይኔ አይቻት፣ አምስት ስትሰጥ ጠጋ ብዬ ምኑን ወደድሽው አልኳት። በሹክሹክታ፣ ልጁ ሲያሳዝን፣ በአራት ብመልሰው ኃጢአቱ ለእኔ ነው አለችኝ። እንግዲህ ግምገማ ማለት ይህ ነው። ይሉኝታ ለአፑ አምስት ኮከብ ሰጠው፣ ጤናችንን ደግሞ ዜሮ።

ያየሁትን ለሥራ አስኪያጁ ነገርኩት። አንድም ሰው ሕመሙን አልተናገረም አልኩት። እሱ ኮከቦቹን ነበር የሚያየው። ተጠቃሚው ረክቷል አለኝ፤ ይህን ሲል ፊቱ አረንጓዴዋን ፊት መሰለ። እንደ ሕፃን አስረዳሁት። ሰው እንደምን አደርክ ሲባል እየተጠየቀ አይደለም፣ ሰላም እየተባለ ነው። ቤቱ እየተቃጠለም ቢሆን ደህና ነኝ፣ ተመስገን ይላል። ከዚያ ቤተሰብ ይጠየቃል፣ ከዚያ ልጆች፣ ከዚያ ሥራ፤ በሽታው ብቅ የሚለው ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው፣ እሱም «ብቻ ይቺ እግሬ…» ተብሎ፣ እንደ ተራ ነገር። የእናንተ አፕ «ደህና» የሚለውን ሰምቶ በሩን ዘግቶ ይሄዳል አልኩት።

በጥሞና ሰማኝ። ሲጨርስ፣ ስለዚህ ችግሩ ግራጫዋ ፊት አለመታየቷ ነው አለ። አርቲስቱ ተጠራ። በማግስቱ ግራጫዋን አሳድጎ ዓይኗ ሥር እንባ ጨመረላት። ሕዝቡ ይቺን አልቃሻ ሲያይ ጭራሽ ሸሻት፤ ሟርተኛ መሰለቻቸው።

በዚህ አልፈርምም አልኩ። ሥራ አስኪያጁ አልተቆጣም፤ ሰው ሲቃወመው ሙከራውን ያረዝመዋል እንጂ አይቆጣም። እንግዲያው ፈቃደኞች አንድ ወር ቤታቸው ወስደው ይሞክሩት አለ። ውጤቱ እንዳይደበላለቅ ደግሞ እነዚህ ሰዎች ለወሩ ወደ ሲስተር መደወል ያቆማሉ። ይህን በሚያስረዳበት ስብሰባ ላይ ግድግዳው ላይ በትልቁ ያሳየን ተረት ምን ቢሆን ጥሩ ነው? «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።» አፌን በእጄ ያዝኩ።

ፈቃደኛ ሲጠየቅ ቀድማ እጇን ያወጣችው አክስቴ ናት። ቤቷ ሄጄ ለመንኳት። ተይ፣ ይህ ነገር አልተጣራም፣ እኔ ራሴ የምቃወመው ነገር ነው አልኳት። ጆሮ ዳባ ልበስ። ስንት ዓመት ተምረሽ የደረስሽበትን ሥራ ባዳ ሲሞክርልሽ እኔ እጄን አጣጥፌ ልቀመጥ ወይ አለችኝ። ሥራው የእኔ አይደለም፣ እኔ እንከኑን ፈላጊ ነኝ ብላት፣ እንከን መፈለግማ ምኑ ሥራ ነው፣ ይህንስ ለሰው አታውሪ አለችኝ። ደግሞም አፑን ወዳዋለች። ጠዋት ጠዋት ስልኳ እንደ ደወል ነገር ያደርግና ሰላም ይላታል። ባሌ ከሞተ ወዲህ ጠዋት የሚጠይቀኝ እሱ ብቻ ነው አለችኝ።

በዚያ ወር ሌላ ከተማ ሌላ ሥራ ነበረኝ። በየቀኑ እደውልላታለሁ። እንዴት ነሽ ስላት ደህና ነኝ ትላለች። እኔም፣ እንጀራዬ ይህንኑ ማወቅ የሆነው ሴትዮ፣ እሺ ብዬ እዘጋለሁ። ብልጥ ነኝ ባይ።

ወሩ ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ሳልነግራት ቅዳሜ ጠዋት መጣሁ። በሩን ስትከፍትልኝ አንድ እግሯ ጫማ ውስጥ ነው፣ አንዱ የባሏ አሮጌ ነጠላ ጫማ ውስጥ። ዓይኔ እዚያ ላይ ሲያርፍ ጫማው ጠቦኝ ነው አለች። ቤት ውስጥ አንድ የማላውቀው ሽታ አለ። ሶፋው ላይ አስቀመጥኳትና ካልሲዋን አወለቅሁ። ካልሲው ከጣቶቿ ጋር ተጣብቆ ነበር፤ በለብ ያለ ውሃ አርጥቤ ነው ያላቀቅሁት። ትልቁ ጣቷ ጠቁሯል። ዙሪያው አብጦ ይፈሳል። እሷ ጭንቅላቴን ከላይ እየዳበሰች፣ አያምም እኮ፣ አትደንግጪ ትለኛለች።

«ይህን ለአፑ አልነገርሽውም?»

«መቼ ጠየቀኝና?» አለች። «እንደምን አደሩ ይለኛል፣ ደህና እለዋለሁ። ቀጥሎ ሌላስ ይለኛል ብዬ ስጠብቅ መርቆኝ ይሄዳል። የቸኮለ ይመስለኛል። የቸኮለን ሰው በእግር ቁስል አላስቆምም ብዬ ነው።»

ሲስተር ጋስ ብትደውይ አልኳት። ስምምነት አለብኝ፣ የልጄን ሥራ አላበላሽም አለች። እንግዲህ ምን ይባላል? የሞኝ ዘፈን ሁልጊዜ አበባዬ እንደሚባለው፣ ያ ማሽን ጠዋት በመጣ ቁጥር አንዲት ጥያቄውን እየዘፈነ፣ እሷ ደግሞ በጨዋ ደንብ እየመለሰችለት፣ በመካከላቸው ጣቷ ሞተ።

ሆስፒታል ወሰድኳት። ሐኪሙ አየና፣ መጀመሪያ ላይ ብትመጣ በቅባትና በፋሻ የሚያልቅ ነገር ነበር አለኝ። አሁን ጣቱ ይቆረጣል፤ ካልተቆረጠ እግሯም እሷም አይተርፉም አለ። ተቆረጠ። አክስቴ ከሰመመኑ ስትነቃ መጀመሪያ የጠየቀችው ምሳ መብላቴን ነው።

ሰኞ ጠዋት የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ቆሜ ሳለሁ ሥራ አስኪያጁ ደወለልኝ። ድምፁ በደስታ ይንቀጠቀጣል። የወሩ ውጤት ደርሶኛል፣ አክስትሽ ከሁሉም በላይ ናት አለኝ። አንድ ቀን ሳታቋርጥ ተጠቅማለች፣ ሁሉም አረንጓዴ ነው፣ ፎቶዋን ማስታወቂያው ላይ ብናወጣው ምን ይመስልሻል አለኝ። ልሳደብ አልኩና ምላሴን ነከስኩ። ሆስፒታል ዘመድ እየጠየቅሁ ነው፣ አክስቴም እዚሁ አለች፣ ወረቀቱን ይዘህ ና፣ እሷ ፊት እፈርማለሁ አልኩት። አንድ ሰዓት እንኳ አልቆየም፤ ጭማቂ ገዝቶ፣ ግምገማውን በፋይል አድርጎ መጣ። አልጋው ላይ ያለችው ማን እንደሆነች ሲያይ በሩ ላይ ቆም አለ። እግሯ በትራስ ላይ ከፍ ብሎ በፋሻ ተጠቅልሏል።

ግን ሰው ነውና ጠጋ ብሎ፣ «እናቴ፣ እንዴት ነዎት?» አላት።

«ደህና ነኝ ልጄ፣ ተመስገን። አንተስ? ቤተሰብ ደህና ነው?»

ምን እንዳደረገ ላውራ? ወደ እኔ ዞሮ ተነፈሰ። እውነቴን ነው። ፋሻው ዓይኑ ሥር ተቀምጦ፣ ደህና ነኝ ስላለችው ደረቱ ቀለል አለው። ያን ፊት አይቼ ነው ነገሩ የአፑ ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ።

በዚያው መሃል ትራሷ ሥር ስልኳ ደወል አሰማ። ጠዋቷ ደርሷል። አክስቴ መርፌ የተሰካባትን ክንዷን እየተጠነቀቀች ስልኳን አወጣች፣ መነጽሯን ጠየቀችኝ፣ እኔም ሰጠኋት። «እንደምን አደሩ?» ይላል። አረንጓዴዋን ፊት በሌባ ጣቷ ነካቻት። «በጣም ደስ ይላል! መልካም ቀን ይሁንልዎ!» አላት። ሥራ አስኪያጁ አንገቱን አስግጎ ያይ ነበር። ሁለታችንም ስልኩ ላይ ስናፈጥ አክስቴ ያጠፋች መስሏት፣ «ምን ላድርግ» አለች፣ «ጠይቆኝ ዝም ልበለው?»

ፋይሉን ከእጁ ወስጄ የመጨረሻውን ገጽ ገለጥኩና እስክሪብቶ ጨምሬ መለስኩለት። ተጠቃሚዋ ረክታለች ብለህ ራስህ ፈርም አልኩት። አልፈረመም። የሚያስቀምጥበት አጥቶ እስክሪብቶውን እንደያዘ ቀረ።

ሲስተር የገባችው ያን ጊዜ ነው። አለቃዋ አክስቴ ወዳለችበት ሆስፒታል እንደሄደ ከክሊኒኩ ጥበቃ ሰምታ መጥታ ነው፣ ደረጃው አድክሟት ታለከልካለች። አለቃዋን እንዳላየች አልፋ አልጋው ጠርዝ ላይ ዘፍ አለች።

«እንዴት ነዎት?»

«ደህና ነኝ ሲስተር፣ ተመስገን።»

«ደህና ከሆኑ ታዲያ እዚህ ምን ያደርጋሉ?»

አክስቴ ልትስቅ ከንፈሯን ከፈተች። ሳቁ አልመጣም። ዕድሜዬን ሙሉ ሳላይ የኖርኩት እንባ በጉንጯ ወረደ።

«ያመኛል» አለች። «የተቆረጠው ጣቴ ያመኛል። እንደ እሳት ነው የሚለበልበኝ። የሌለ ነገር ያመኛል ብል ማን ያምነኛል ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

እኔ ሁለት ቀንና ሁለት ሌሊት አጠገቧ ነበርኩ። ሐኪሙም እየመጣ ጠይቋታል። ሲስተር አልደነገጠችም፣ እንዲህ ያለ ሕመም አለ፣ የታወቀ ነው፣ መድኃኒትም አለው አለቻት፤ ከዚያ ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርጋ መቼ መቼ እንደሚብስባት፣ ከየት ወዴት እንደሚሄድ እየተቆጣች ትጠይቃት ጀመር። አክስቴም እያለቀሰች መለሰችላት፤ የምትለው ብዙ ነበራት።

ሥራ አስኪያጁ ፋይሉን አጥፎ ብብቱ ውስጥ ከተተው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ስልኩ ጋ አሁን ማን አለ?» አላት።

«ማን ይኖራል?» አለች ሲስተር ዞር እንኳ ሳትል። «ይጮሃል።»

እሱ ሰዓቱን አየ፣ እኔን አየ፣ አክስቴን አየ። እኔ ሄጄ አነሳዋለሁ አለ። ደግ አደረገ፤ ግን ይህን ሰው አውቀዋለሁና እስከ ደረጃው ተከትዬ ሸኘሁት። እንደምን አደሩ ብለህ ጀምር፣ ደህና ነኝ ሲሉህ ግን እንዳትዘጋው አልኩት።